በአባቴ ስም የተጠራችው ልጄ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በትንሿ መስኮት በኩል ለሚመጣ ሰው ሁሉ «ስም ከነአባት?» እያልሁ ካርድ ማውጣት ነው። የታመመ ሰው ዕድሜው ይጠፋበታል፣ ቀበሌውን ያምታታል፤ የአባቱ ስም የጠፋበት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። አልፎ አልፎ ብቻ ሕፃን ያዘለች ሴት ትመጣና የልጁን የአባት ስም ስጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። እንዲህ ያለችዋን ሳላስጨንቅ የእሷን አባት ስም ጽፌ አሳልፋት ነበር። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት በራሴ ሲደርስ ነው።

የልጄ አባት የእንስሳት ሐኪም ነው። አገሩ መራዊ አካባቢ ነው፤ ወላጆቹ ከቆጋ ግድብ በሚወርደው ውሃ ስንዴና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። ሥራ ተመድቦ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ እኔ በምኖርበት ግቢ ከእኔ ቀጥላ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ቀኑን ሙሉ በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር ሲዞር ይውልና ልብሱ የከብትና የመድኃኒት ሽታ ይዞ ይገባል። ንግግር አያበዛም። መጀመሪያ የወደድሁለትም ይህንኑ ነው፤ እኔ ያደግሁበት ቤት ብዙ የሚያወራ ወንድ አይከበርበትም። አንድ ቀን የግቢው ባለቤት ላም ምጥ ጠንቶባት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ጥጃዋን ሲያወጣ አየሁት። ጥጃዋ ስትተነፍስ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነው የተቀራረብነው።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ኖርን። ሠርግ የለ፣ ውል የለ፤ የተከራየናቸው ክፍሎች ሁለት፣ የምናበስልበት ምድጃ ግን አንድ ነበር። ጎረቤቱ እንደ ባልና ሚስት ያየን ነበር። ከፋሲካ በኋላ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ ይለኛል። ፋሲካ ያልፍና ለጥቅምት ይላል። እኔም አልጨቀጭቀውም ነበር።

ማርገዜን የነገርሁት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሰምቶ ወጣና ትናንት ያጠበውን ሞተር እንደገና ማጠብ ጀመረ። በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ ጎማውን በጨርቅ እየፈተገ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለም። ብዙ ሳይቆይ ወደ መራዊ ዝውውር እንደተፈቀደለት ነገረኝ። ቀድሜ ልሂድና ቤት ላዘጋጅ፣ ከወላጆቼም ልማከር አለ። አመንሁት። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በሳምንት፤ በኋላ የምደውለው እኔ ብቻ ሆንሁ። ሆዴ ገፍቶ መቀመጥ ሲያስቸግረኝ፣ ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቶ ወላጆቹ የመንደራቸውን ልጅ እንደዳሩት ነገረኝ። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ መርዶ ነጋሪ ነበር የተናገረው።

ያን ዕለት ደወልሁለት። ማግባቱን አልካደም። ስለ ልጁስ አልሁት።

«የእኔ ስለመሆኑ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ወደ መስኮቴ ተመለስሁ፤ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር። እናት እውነት፣ አባት እምነት ይባላል በአገራችን። እምነቱ ሲጎድል ልጅ ምን እንደሚቀርላት፣ የሰው ካርድ እየጻፍሁ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልሁ።

ሴት ልጅ ወለድሁ። እህቴ ከገጠር መጥታ አረሰችኝ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አባቴ ከቡሬ ገጠር በቅሏቸውን ጭነው መጡ። አባቴ ቁመታቸው ረዥም፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ገበሬ ናቸው። ማርገዜን ከሰሙ ወዲህ አላናገሩኝም ነበር። ያን ቀን ግን ልጅቱን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ድረስ ታቅፈው ለማንም አልሰጥም አሉ። ሰው ከተበተነ በኋላ የልደት ማስረጃ ላወጣላት እንደሆነና በእሳቸው ስም ላስጠራት እንደማስብ ነገርኋቸው።

«በስሜ መጠራቷን አልጠላም» አሉኝ። «ግን አስቢው። አንቺ የእኔ ልጅ ነሽ። እሷም በእኔ ስም ከተጠራች እህትሽ ሆነች። ነገ አድጋ ሰው ማናት ሲልሽ ምን ልትይ ነው?»

እንዲያም ሆኖ አባቷ ነኝ የሚል ሰው ስላልነበረ በአባቴ ስም አስመዘገብኋት። በከተማችን ዲቃላ የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የሚናገር የለም፤ በሰምና ወርቅ ነው የሚሉሽ። አንዲት ጎረቤቴ ልጄን እያጫወተች «ስታምር! አባቷን ትመስል ይሆን?» ትለኝና ዐይኔን እያየች መልሱን ትጠብቃለች። እኔም እናቴን ነው የምትመስለው እላታለሁ። እናቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የሚመሰክርብኝ የለም።

ልጅቱ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር አባቴ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቆጋ ላኩ፤ አንደኛው የደብራችን ቄስ ናቸው። ሲመለሱ የሆነውን የነገሩንም እሳቸው ናቸው። የሐኪሙ ወላጆች በክብር ተቀብለው ምሳ አቀረቡላቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ጉዳያችን ሳይሰማ እህል አንቀምስም አሉ። አባትየው ልጃቸውን አስጠሩት። ቄሱ ልንጣላህ አልመጣንም፣ ያቺን ሴት አላውቃትም፣ ሕፃኗም የእኔ አይደለችም ብለህ በዚህ መስቀል ማልና ተነሥተን እንሂድልህ አሉት። አልማለም። የእኔ ናትም አላለም። አንገቱን ደፍቶ ሕግ ይወስነው አለ። አባትየው ከሐፍረታቸው የተነሣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሽማግሌዎቹም ምሳውን ሳይነኩ ወጡ።

አባቴ ይህን ሰምተው «ያልማለ ሰው አልካደም» አሉ። ከዚያም ሕግ ይወስነው ካለ ወደ ሕግ እንሂድለት አሉኝ። እኔ ፈራሁ። ችሎት ፊት ቆሞ ከማን ጋር እንዴት እንደኖሩ ማስረዳት ለአንዲት ሴት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ እሱ ሚስት አግብቷል፤ የሰው ትዳር ልታፈርስ መጣች መባሌንም አሰብሁት። ግን ልጄ ከእኔ ጋር በእህትነት ተመዝግባ እንድታድግ አልፈለግሁም።

ጉዳዩ የታየው እሱ በሚኖርበት በመራዊ ነው። ለሴቶች በነጻ የምትቆም ወጣት ጠበቃ አቤቱታውን ጻፈችልኝ፤ አባትነቱ እንዲረጋገጥ፣ ቀለብ እንዲቆርጥላት፣ አስተዳደጓም እንዲወሰን ጠየቅን። በቀጠሮው ቀን ልጄን አዝዬ ከመናኸሪያ በጠዋቱ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላን አልፈን ዱርቤቴ ስንደርስ የገበያ ቀን ከሆነ በግ ጣሪያ ላይ ይጫናል። ልጄ ከላይ የበጎቹን ጩኸት ስትሰማ ትስቃለች። እኔ ዳኛዋ ፊት ምን እንደምል በልቤ እያጠናሁ እሄዳለሁ።

በመጀመሪያው ችሎት የግቢያችን ባለቤት ምስክር ሆና እንደ ባልና ሚስት እንኖር እንደነበር ተናገረች። እሱ ግን የዘር ምርመራ ይደረግልኝ አለ። ምርመራው አዲስ አበባ የሚደረግ ስለሆነ ሦስታችንም መሄድ ይኖርብን ነበር። ሲናገር ወደ እኔ አላየም። ልጄ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ በጫማዬ ማሰሪያ ትጫወት ነበርና እሷንም አላያትም። ምርመራውን አልፈራሁትም፤ እውነቱን አውቃለሁ። የቆጠቆጠኝ ልጄ እንደ ጠፋ ከብት በምልክት ካልሆነ አላውቃትም መባሏ ነው።

ቀጠሮው ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። በዐቢይ ጾም በዋለው ቀጠሮ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አሮጊት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አላውቃቸውም ነበር።

«እታለም፣ ይቺን ልጅ ታቀብይኛለሽ?» አሉኝ።

እናቱ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ልጄ እንግዳ አትወድም፤ ስሰጣቸው ግን አላለቀሰችም። እጃቸው ላይ ያለውን መቁጠሪያ ይዛ መጎተት ጀመረች። አሮጊቷ ፊቷን አላገላበጡም፤ ማንን እንደምትመስል አልመረመሩም። ዝም ብለው ታቅፈዋት ቆዩ። ይህን ልብ አልሁላቸው። ልጃቸው በግቢው በር ሲገባና እኛን ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ ነበር። ጠሩት። ቀረበ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «ይቺ ልጅ በምርመራ ተለይታ ከመጣችልኝ፣ የመጣችልኝ ከመንግሥት ነው። አንተ የእኔ ናት ካልኸኝ ግን ከእግዚአብሔር ነው። የቱን ልቀበል?»

መልሱን ሳይጠብቁ ልጄን መልሰው ሰጡኝና ስማችን ሲጠራ ከኋላችን ተከትለው ገቡ።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ዳኛዋ ምርመራውን መቼ ለማድረግ እንደተዘጋጀ ሲጠይቁት ተነሥቶ ቆመ።

«ምርመራው ይቅር» አለ። «ልጄ ናት።»

ዳኛዋ ጸሐፊዋ እንድትሰማ ድገመው አሉት። ሲደግመው ድምፁ ተሰበረ።

ይህን ቃል ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ደስ አላለኝም። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው፣ አባት ነኝ ማለቱ ብቻውን እንደማይበቃ፣ እናትም እውነት ነው ብላ መቀበል እንዳለባት አስረዱኝ። ትቀበያለሽ አሉኝ። የካደኝ ሰው በአንዲት ቃሌ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አልቀበልም ብል የሚሆነው መጣብኝ፤ ለአንድ አፍታ ቂሜ ጣፈጠኝ። ከኋላዬ የአሮጊቷ ትንፋሽ ይሰማኛል። ልጄ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ይዟት ነበር።

«እቀበላለሁ» አልሁ።

ለእሱ ብዬ አይደለም ያልሁት።

ቀለቡ ከደመወዙ ላይ ተቆረጠ። ልጅቱ ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ እሱ በየወሩ እየመጣ እንዲያያት፣ ትምህርት ስትጀምር የክረምቱን ዕረፍት ከአባቷ ዘንድ እንድታሳልፍ፣ ስለ ትምህርቷና ስለ ጤናዋም ሁለታችን ተመካክረን እንድንወስን በስምምነት ተጻፈ። ተመካክረን የሚለው ሲነበብ ለመሳቅ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም ነበር።

ማስረጃዋ ታርሞ በአባቷ ስም ወጣ። ይህን ልነግራቸው አባቴ ዘንድ ሄድሁ። እያረሱ ነበር፤ በሬዎቹን አቁመው ሰሙኝ። ስማቸው ከልጄ ላይ መነሣቱን ስናገር እንዳይከፋቸው ቃል እየመረጥሁ ነበር። «ስሜ ባንቺ ላይ አለ፤ ይበቃኛል» አሉና ጅራፋቸውን አንሥተው ትልማቸውን ቀጠሉ።

ያልበቃት ልጄ ናት። አፏን ከፈታች ጀምሮ ሰው የአያቷን ስም እየጨመረ ሲጠራት ሰምታለች። መዋዕለ ሕፃናት ገብታ መምህሯ በአባቷ ስም ስትጠራት አልመልስ እያለች፣ የእኔ ስም አይደለም ብላ ታለቅስ ነበር። በእሷ ዐይን አባት ማለት በወር አንድ ጊዜ ሙዝና ብስኩት ይዞ በር ላይ የሚቆም እንግዳ ነው። እኔ ልጅቱን አውጥቼ አቀብለውና ወደ ውስጥ እገባለሁ። እሱ ዋናው መንገድ ይወስዳትና በፈረስ ጋሪ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ያንሸራሽራታል። ሲመልሳት በሩን ቀስ ብሎ ያንኳኳል። ቀኑን አጓድሎ አያውቅም፤ ግን ከደህና ዋልሽና ከደህና ሁን ያለፈ ቃል አልነበረንም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንደኛ ክፍልን ስትጨርስ የክረምቱ ተራ ደረሰ። ራሴ ነኝ ይዣት የሄድሁት። መራዊ መናኸሪያ ከሚስቱ ጋር ቆሞ ጠበቀን። ሚስቱ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ቀጭን ሴት ናት። እስከዚያ ድረስ አልወለደችም ነበር፤ ይህን ስለማውቅ ዐይኗን ማየት ፈራሁ። እሷ ግን የልጅቱን ሻንጣ ተቀበለችኝና ምን መብላት እንደምትወድ፣ ጨለማ ትፈራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከእሷ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቅሁም ነበር። ትፈራለች አልኋት። እንግዲያው ከእኔ ጋር አስተኛታለሁ አለችኝ።

ልጄ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ፣ ክንዷ ጠንክሮ ነበር። ውሃ ወደ እርሻው እንዴት እንደሚለቀቅ፣ ተራ ያልደረሰው ሰው ቦዩን ከከፈተ ምን እንደሚባል፣ አያቷ የሽንኩርት ችግኝ እንዴት እንዳስያዟት ትነግረኝ ጀመር። የአባቷን ሚስት «የቆጋዋ እማየ» ትላታለች። ሁለት እናት የለም ልላት አፌን ከፍቼ ተውሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ልጄ ቆጋ ሳለች አገር ተናወጠ። ነሐሴ ላይ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የሚናገር ሰው አለ፤ እኔ የማውቀው የራሴን ነው። የተኩስ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን ከቅርብ። ጤና ጣቢያ ስገባ ስወጣ ከመራዊ በኩል በእግር የመጣ ሰው ካለ እያልሁ እጠይቃለሁ። አንዱ ደህና ነው ይለኛል፣ ሌላው የሰማውን ሊነግረኝ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ይተወዋል። አዲስ ዓመት መጣ፤ ልጄ የለችም። ልትበላበት የምትወደውን ትንሽ ሳህን ከመደርደሪያው አንሥቼ ሸሸግሁት፤ ማየት አልቻልሁም። ክፉ ሐሳብም ይመጣብኝ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ያልጓጓላት ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርግላታል እላለሁ። ደግሞ ክረምቱን ትሂድ ብዬ የፈረምሁት እኔው ነኝ እላለሁ።

መስቀል ሲቃረብ ከአባቴ መንደር የመጣች አንዲት ሴት መስኮቴ ላይ ቆመች። አቀርቅሬ ስለነበር አላየኋትም፤ እንደ ልማዴ ስም ከነአባት አልሁ። ለካርድ አይደለም የመጣሁት አለችኝ። ልጅሽ አባትሽ ቤት ናት፤ አባቷ ይዟት መጥቷል አለችኝ።

መኪና የለም። ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር በእግሬ ስሄድ ዋልሁ። ምን እንዳወሩልኝ፣ ምን እንደመለስሁላቸው አላስታውስም። ጀምበር ሳትጠልቅ ደረስሁ። ልጄ ደጅ ላይ ከእህቴ ጋር በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ስታየኝ አልሮጠችም፤ ተነሥታ ቆመች። ሮጬ ያቀፍኋት እኔ ነኝ። ከስታለች። ፀጉሯ ግን በጥንቃቄ ተሠርቶ ነበር፤ የእህቴ እጅ አልነበረም። የቆጋዋ እማየ ናት የሠራችኝ፣ ለመንገድ ብላ አለችኝ።

ወደ ቤት ገባሁ። እሱ መደብ ላይ ተቀምጧል። እግሩ አብጦ ጣቶቹ አይለዩም። አባቴ ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግሩን በሞቀ የጨው ውሃ ያጥቡለት ነበር። ስገባ ሁለቱም ቀና አላሉም። አባቴ አንዱን እግር አጥበው በጨርቅ አድርቀው ሌላውን አነሡ። እኔ ደፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ዕለትና በማግሥቱ መንገዱን በጥቂት በጥቂቱ ነገረኝ። መንገዱ እስኪከፈት ሲጠብቁ ቆዩ። ትምህርት መጀመሪያው ሲደርስ ልጄ እህል መቅመስ አቆመች። እናቱ ውሰዳት አሉት፤ ሚስቱ ስንቅ አሰናዳች። ከዋናው መንገድ ርቀው በገጠር በገጠሩ፣ በአገው መንደሮች በኩል መጡ። ከብቱን አክሞለት የሚያውቅ ሰው ባለበት ያድራሉ፤ ፈረስ የሚያውሳቸው ሲገኝ እሷን ያስቀምጣታል፤ በሌለበት ትከሻው ላይ ይሸከማታል። አንድ የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ዳር ላይ ጠብቀዋል። ቡሬ ሲቃረቡ እግሩ አልራመድ ስላለው፣ ልጄ ወደምታውቀው ወደ አባቴ ቤት ጎራ አሉ። ሲናገር ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እሷ ነበር፤ እዚህ ላይ አላለቀሰችም፣ እዚያ ላይ እኔን አይዞህ አለችኝ ይላል።

አንድ ስፍራ የታጠቁ ሰዎች አስቆሟቸው። ብቻውን ልጅ ይዞ የሚሄድ ወንድ አላማራቸውም። ልጅቱ የማን ናት አሉት። ልጄ ናት አላቸው። አላመኑትም። እሷን ለብቻዋ ወደ ጎን ወስደው የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠየቋት። ልጄ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተናገረች። መታወቂያውን አምጥተው አስተያዩት፤ ገጠመ። ለቀቋቸው። ማታ ማታ ስሟን እንዲያ አድርጋ እንድትናገር ሳስጠናት እንቢ ትለኝ የነበረችው ይቺው ልጅ ናት።

በደረስሁበት ማታ አባቴ የእግር ውሃውን ሊደፉ በወጡበት ነው ሁለታችን ብቻ የቀረነው። ሊነሣ ሞከረና አልቻለም።

«አደራሽን አድርሻለሁ» አለኝ።

«አደራ አይደለችም» አልሁት። «ልጅህ ናት።»

ከዚያ በፊት ይህን ለእሱ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ በስልክ ያለኝን አልረሳሁትም፤ ዛሬም አልረሳሁትም። ግን እግሩን አየሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ።

እግሩ እስኪሽር አባቴ ቤት ቆየ። የመንደሩ ሰው ሐኪም መሆኑን ሰምቶ ከብቱን እያመጣ ያሳየው ነበር አሉ። እኔ ልጄን ይዤ ወደ ሥራዬ ስለተመለስሁ ሲሄድ አላየሁትም። ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችልኝ ሚስቱ ናት። ልጅሽ ደህና ናት ወይ፣ መንገድ አላጎሳቆላትም ወይ አለችኝ። እሱ በደህና መድረሱን ከነገረችኝ በኋላ ማርገዟንም ነገረችኝ። በመጪው ክረምት ልጅቱን እንላክ ወይስ ትቅር በሚለው ተነጋገርን፤ አንድ ጊዜ እኔና እሱ፣ አንድ ጊዜ እኔና ሚስቱ። ትቅር አልን። እሱ ግን መንገድ ሰላም በሆነበት ወቅት፣ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ እየመጣ አባቴ ዘንድ መሰንበት ጀመረ። ውቂያ ያግዛቸዋል፤ ልጄም ለዚያ ሰሞን ከእኔ ወደ እነሱ ትሄዳለች።

ዘንድሮ እናቱ ሞቱ። መርዶው የደረሰን ከቀብር በኋላ ነው። መንገዱ ጥቂት ሲረጋ ልጄን ይዤ ለልቅሶ ቆጋ ሄድሁ፤ ያን ቤት ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። በር ላይ የቆሙት ሴቶች ማን እንደሆንሁ አላወቁም፤ ልጄን ሲያዩ ግን አንዷ የልጅ ልጃቸው ናት ብላ ወደ ውስጥ መርታ ከሟች ልጆች ጎን አስቀመጠቻት። ልጄ የአያቷን ችግኝ መትከያ ትንሽ መቆፈሪያ ከጥግ አይታ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሚስቱ ሕፃን ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲደክማት ሕፃኑን እኔ ተቀበልኋት።

በሦስተኛው ቀን ለመመለስ ስነሣ ልጄ ከወንድሟ ጋር ትንሽ ልቆይ አለችኝ። ወደ አባቷ አየሁ። እሱም መጀመሪያ እኔን አየኝ። መንገዱ እንዲህ እንደረጋ ከቆየ እስከ ጥምቀት ትሰንብት፣ ነገር ከተበላሸ ግን ሳይዘጋ ቀድሞ ያምጣት ተባባልን። እስከ መራዊ መናኸሪያ ሸኙኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ብዙ ጠበቅን፤ ሰው አሁንም መንገድ ይፈራል። በመጨረሻ ሞላና ብቻዬን ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ።